ዳይሬክተሩ የተሸከመው ድንጋይ

ወንድም ዓለም ክንዱ፣ ይህ ወረቀት ከጋይንት እስከ ጂንካ ያለውን አገር ሁሉ አቋርጦ አንተን በደህና ያግኝልኝ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ያ ብርድ ሲነካህ የሚነሣብህ ሳል እዚያ ተወህ? መስከረምስ እንዴት ከርማለች? ዳንኤልስ መሄድ ጀመረ ወይስ አሁንም ከእናቱ ጀርባ አልወረደም? እናታችን ስምህን ሳትጠራ የዋለችበት ቀን የለም፤ ልጄን እዚያ ምን ያበሉት ይሆን ትላለች፣ ሚስት እንዳለህ ስነግራት እንኳ አታምነኝም። እኛ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ ሁላችንም በእግራችን ቆመናል። ስንዴው ታጭዶ ተከምሯል፣ ገና አልተወቃም። ባቄላውን ግን ውርጭ ነካብን። ጥቁሯ ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋም እንደ እናቷ እልኸኛ ናት።

ደህና ነን ማለቴ ስለ ሰውነታችን ነው እንጂ ልቤስ ደህና አይደለም። ደንግጫለሁ ክንዱ። ከሰኞ ወዲህ የያዝኩት ሁሉ ከእጄ ይወድቃል፣ ሰው ሲጠራኝ ሁለቴ ካልሆነ አልሰማም። በስልክ እንዳልነግርህ፣ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥቼ ስጮህ መንደሩ ሁሉ ጆሮውን ይጥላል። ደግነቱ እናንተ ጋ መንገድ ሥራ ላይ ያለው የጎረቤታችን ልጅ አስማረ ለገና መጥቷል፤ በዓሉን ውሎ ሲመለስ በሱ እጅ እልክልሃለሁ። ቁጭ ብለህ አንብበው፤ ቆመህ የሚነበብ አይደለም።

ዳይሬክተራችንን መምህር አወቀን ታውቀዋለህ። ለፋሲካ ስትመጣ ግቢውን አስጎብኝቶህ፣ መምራት እንዲህ ነው ብለህ ያደነቅኸው ሰው ነው። ፊት ለፊት አንቱ የምለውን ሰው እዚህ እሱ ብለው አትታዘበኝ፤ ወረቀቱ የኔና ያንተ ነው። ከሱ በፊት የነበረው ሰውዬ ደግ ነበር፣ ግን ደግነቱ ለማንም አልጠቀመ፤ መምህራኑ አርብ አርብ ገበያ ብለው ይጠፋሉ፣ ፍየል ክፍል ገብታ ትተኛለች፣ እሱ ፈገግ ይላል። አወቀ ሲመጣ ያ ሁሉ ቀረ። ደወል እንደ ተመታ በሩ ይዘጋል። ጠመኔ የሚያድለው ራሱ ነው፤ መምህራኑ ጠዋት ጠዋት ቢሮው ደጃፍ ቆመው ይቀበላሉ። የክፍሉ ሁሉ ቁልፍ በሱ ካፖርት ኪስ ነው፣ ሲራመድ እንደ ጸናጽል ይሰማል። የተማሪውም ውጤት ከፍ አለ፣ ይህን አልክድም። ወላጅ መረቀው። ባሌ ወርቁማ ሰው ማለት እሱ ነው እያለ በየለቅሶው ቤት ያወራለት ነበር። አንተም ስትሾም ደውለህ፣ ሠራተኞቹን እንደ አወቀ ጨብጬ ነው የምይዛቸው አልከኝ፤ እኔም እልል አልኩልህ።

ነገሩ የተነሣው በኅዳር ነው፤ ያኔ በስልክ በቁራጭ የሰማኸውን ከሥሩ ልንገርህ። ልጄ ህይወት ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ክልላዊው ፈተና ሰኔ ላይ ይጠብቃታል። አወቀ ለስብሰባ ወረዳ ሲጠራ፣ የክፍሏ አለቃ ናትና ክፍሏን ይዛ እንድታጠና የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ ሰጣት። ቁልፍ ለሰው ሲሰጥ ያኔ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ከሰዓት ሲመለስ በሩ ላይ ጠብቃ መለሰችለት። ስልክ እያወራ ነበር፤ ዓይኑንም ሳይመልስላት ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። በማግስቱ ሲፈልገው ቁልፉ የለም።

አልመለስሽልኝም አላት። ሰጥቼዎታለሁ አለችው። አልሰጠሽኝም ሰጥቼዎታለሁ ተባባሉ፤ እሷም እኮ እንደ እናታችን ናት፣ እውነት ከያዘች አትለቅም። ሰንደቅ ዓላማው ሥር፣ ተማሪው በተሰለፈበት ከመካከል አስወጥቶ ሌባ አላት። ቁልፉን ሳትይዢ ይህን በር እንዳትረግጪ ብሎ አባረራት። ቤተ መጻሕፍቱም እንደ ተቆለፈ ቀረ፤ በር ሰብሮ መግባት ሥርዓት ማፍረስ ነው ብሎ እምቢ አለ። ኋላ እንደ ሰማሁት፣ ልጅቱ ቁልፉን ስትመልስለት በዓይኗ ያየች መምህርት ነበረች። ትንፍሽ አላለችም። እንዴት ትናገረው? ማንስ ተናግሮት ያውቃል?

እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ቢሮው ሄድኩ። ቁልፉን ይዘሽ ነው ወይ አለኝ፤ አልያዝኩም ስለው ሌላ ቃል ሳይጨምር ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። ቤት ተመልሼ ለወርቁ ብነግረው፣ ዳይሬክተር አይዋሽም አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ልጅቱ አባዬ በእጁ ነው የሰጠሁት ስትለው ፊቱን አዞረ። እኔ በበኩሌ ያን ዕለት ልቤ ባሌን ተቀየመ።

ከዚያ የባሰው መጣ። ሴት ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርታ ቤት ዋለች ከተባለ ምን እንደሚከተል አንተም ታውቃለህ። ያ ከወንዝ ማዶ ያለው ጌታነህ ለልጁ ሽማግሌ ላከብን፤ ከጥምቀት በኋላ ሠርግ ይሁን አለ። ኧረ ልጅ ናት፣ ዕድሜዋም አልደረሰ፣ ሕጉም አይፈቅድም ብዬ ጮህኩ። ወርቁ ሌባ ተብላ ከምትቀር ባለ ትዳር ትባል አለኝ፣ ለሽማግሌዎቹም ከገና ማግስት ቃሌን እሰጣለሁ ብሎ ቀጠራቸው። ህይወት ይህን ከሰማች ወዲህ ከአባቷ ጋር አንድ ቃል አልተነጋገረችም። ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ እንደ እንግዳ ሰው ከቤቱ ጥግ ቁጭ ትላለች። ሳያት አንጀቴ ይቆረጥ ነበር።

እንዲህ እያለን ባለፈው ሰኞ ወላጅ ሁሉ በሰንደቅ ዓላማው ሰዓት ይገኝ የሚል መልእክት መጣ፤ የተባረሩትም ይምጡ ተባለ። እኛ በአጨዳ ልጆቻችሁን አስቀራችሁ ብሎ ሊቆጣን ነው ብለን መልሳችንን ሁሉ አዘጋጅተን ሄድን። በአጥሩ በኩል ቆምን። ህይወት ከኔ ጎን፣ ወርቁ ትንሽ ራቅ ብሎ ከመሪጌታ ተክለ ማርያም ጋር።

አወቀ ከፊት ወጣ። ካፖርቱን አልለበሰም። ቅዳሜ ዕለት ካፖርቴን ሳጥብ አለ፣ ገበሩ ውስጥ አንድ ነገር እጄን ወጋኝ፤ ኪሴ ተቀዶ ቁልፉ ወደ ታች ሾልኮ ኖሯል አለ። አውጥቶ አሳየን። ልጅቱ እውነቷን ነበር፣ ሌባ ያልኳት እኔ ነኝ አለ። እኔ ክው አልኩ። እስቲ አስበው፣ ያገኘው ለብቻው ነው፣ ማን አየው? ወንዝ ቢወረውረው እኮ ማንም ሳያውቅ ይቀር ነበር። ይህን ሳስብ ሰውየው ወደ አጥሩ መጣና ከካቡ ላይ አንድ ድንጋይ፣ ደህና አድርጎ የሚከብድ ድንጋይ፣ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ አደረገ።

ወይ ጉድ! ነፍስ ያጠፋ ሰው፣ ደም ያለበት ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ሲታረቅ አይተናል፤ ዳይሬክተር ለተማሪ፣ ያውም ለሴት ልጅ፣ ሲሸከም ማን አይቶ ያውቃል? መምህራኑ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ያ ሁሉ ተማሪ ጸጥ አለ፤ ያኔ ግን ከፍርሃት አልነበረም። አንገቱን ደፍቶ ህይወት እግር ሥር መጣና ማሪኝ ልጄ አላት። መሪጌታ ለሸክሙ አስታራቂ ሽማግሌ አይጠፋም ብለው ሮጠው ከጎኑ ቆሙለት። እሷ ድንጋዩን ታያለች። በይ ልጄ፣ ይቅር ለእግዜር በይው አሏት። የሰውየው ላብ ከግንባሩ መሬት ይንጠባጠባል። እኔ በክርኔ ጎሸም አደረግኋት። ኋላ ቀና ብላ ምን አለች መሰለህ? እሳቸውን ይቅር ብያለሁ፤ ድንጋዩን ግን መሬት አይጣሉት፣ ለአባቴ ይስጡልኝ አለች።

ክንዱ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከኋላዬ አንዷ ምን ዓይነት ባለጌ ናት ስትል ሰማሁ። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። ወርቁ ፊቱ አመድ መስሎ ዱላውን ተደግፎ ቀረ። እኔ አሁን ዱላው ይነሣል ብዬ በመካከላቸው ልገባ እግሬን አነሣሁ። አወቀ ግን ከነድንጋዩ ቀና ሳይል፣ አባትሽ ያመነው የኔን ቃል ነው፣ ጥፋቱ ከኔ የመጣ ነው፣ የሱንም እኔው ልሸከምልሽ አላት። እንዲህ ያለ ሹም ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ አልሰማሁም። ልጄ ደግሞ አይሆንም አለችው። እርስዎ አያውቁኝም ነበር፣ እሱ ግን ያውቀኝ ነበር አለች።

 ወርቁ ዱላውን መሬት ጣለ። እንደ ታመመ ሰው እየተራመደ መጣና ድንጋዩን ከአወቀ ማጅራት በሁለት እጁ አንሥቶ በራሱ ላይ አደረገው። ማሪኝ ሊል አፉን ከፈተ፣ ቃሉ ግን አልወጣም። ህይወት ያን ስታይ ዋይ ብላ ጮኸች፣ ድንጋዩን ገፍትራ ጥላ እግሩ ላይ ተደፋች። አባትና ልጅ እዚያ አቧራ ላይ ተቃቅፈው ተንሰቀሰቁ። እኔም አለቀስኩ፣ መሪጌታም በነጠላቸው ዓይናቸውን ያዙ። ወርቁ ያን ዕለት ቤት ሳይገባ በቀጥታ ወንዝ ተሻግሮ ለጌታነህ፣ ልጄ ትማራለች፣ ሽማግሌ እንዳትልክብኝ ብሎት መጣ። ጌታነህ ተቀይሞናል፤ ይቀየም።

መንደሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። ገሚሱ አወቀ አለቀለት፣ ከእንግዲህ ማን ይፈራዋል ይላል። እውነትም ማክሰኞ ዕለት ጎረምሶቹ ጠጠር ማጅራታቸው ላይ አድርገው ማሪኝ ማሪኝ እያሉ ሲሳለቁ አይቷቸዋል፤ አልፏቸው ሄደ። በዚያው ቀን መምህራኑን ሰብስቦ የየክፍላችሁን ቁልፍ ያዙ፣ ጠመኔውም ክፍት ቦታ ይቀመጥ አላቸው። ያቺ ዝም ያለችው መምህርትም በስብሰባው ተነሥታ፣ እኔ አይቼ ነበር፣ ፈርቼዎት ነው ብላ አለቀሰች አሉ። ትምህርት ቤቱ ይሻሻል ይሆን ወይስ ፍየሏ ተመልሳ ትገባ ይሆን፣ እኔ አላውቅም። ወርቁም ሰው ማለት እሱ ነው ማለቱን ትቷል፣ ምን እንደሚል ገና አላገኘም። ህይወት ግን ቦርሳዋን አንግታ ትሄዳለች፤ እኔ የምፈልገውም እሱን ነበር።

እንግዲህ ሰላምታውን ልንገርህና ልጨርስ። እናታችን ግንባርህን ትስማለች፣ ዳንኤልን ብርድ እንዳታስመቱት ትላለች። ወርቁ ሰላም ብሎሃል፤ ክፉም ደግም አልጨመረም። ትንሿ ገነት አጎቴ ከረሜላ ይላክልኝ ብላለች። መሪጌታ ተክለ ማርያም በጸሎቴ አልረሳህም በይልኝ ብለውኛል። ለመስከረም የኔን ሰላምታ ስመህ ስጥልኝ፣ ለዳንኤልም እንዲሁ።

ህይወትን ለአጎትሽ ምን ልበልልሽ ብዬ ጠየቅኋት።  በኅዳር ጉብታው ላይ ወጥቼ እያለቀስኩ ስነግርህ፣ ዳይሬክተሩ እንዲህ ካለ አንድ ነገር ቢያይ ነው፣ እሷን ምከሪያት ነበር ያልከኝ። አጠገቤ ቆማ ሰምታሃለች። አንተ በጀርባህ አዝለህ ያሳደግሃት ልጅ፣ ፊደል ያስቆጠርካት ልጅ! እሱም ያውቀኝ ነበር አለችኝና ሰላምታ ሳትልክ ወጣች። እኔ ታላቅህ ነኝ፣ እንዲህ አድርግ ብዬ አላዝህም፤ አሁን አንተም ባለ ሥልጣን ነህ። ድንጋይ ግን ጂንካም አይጠፋም መቼም።

እህትህ የሺ
ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ በታች
ታኅሣሥ ፳፫ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም.