ስለ ፓይ ማሞቂያችን አመራረጥ እና ስለ አባቴ ሳይረን

ለክቡር አቶ ላክላን ፔቲፈር
የዊራቢን ወረዳ የምግብ ደኅንነት ኃላፊና የማሞቂያ መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ

እጅግ የማከብርዎ ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የባለቤትዎን ጤና፣ እንዲሁም ከቀበቶዎ የማይለየውን የቴርሞሜትርዎን ጤና እጠይቃለሁ። እኛ ሙቀታችንን በደንቡ መሠረት ከስድሳ ዲግሪ በላይ ለማድረግ እየተፍጨረጨርን በሕይወት አለን።

ግሌኒስ ክራዶክ እባላለሁ። በዊራቢን እግር ኳስ ክለብ ሻይ ክበብ መስኮት ላይ ቆሜ ሃያ ስድስት ዓመት በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ ትኩስ የሥጋ ፓይ ሸጫለሁ። እንደሚያውቁኝ አውቃለሁ፤ ሆኖም በላኩልኝ አሥራ አራት ደብዳቤዎች ሁሉ «ለሚመለከተው ምግብ አቅራቢ» ብለው ስለጻፉልኝ ምናልባት ስሜ ጠፍቶብዎት ይሆናል ብዬ ነው። ይህን ደብዳቤ በክለቡ በር፣ በዳቦ ቤቱና በነዳጅ ማደያው መስታወት ላይ የለጠፍኩትም እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ለብቻዎ ስጽፍልዎ ቢሮዎ ደርሶ ስለሚቀዘቅዝ ብቻ ነው።

አንደኛ። ባለፈው ዓመት አሮጌውን ማሞቂያችንን ሊመረምሩ ድረስ በመምጣትዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ያ ባለመስታወት ሣጥን እናቴ በሕይወት ሳለች የተገዛ፣ በሩ በጉልበት ገፋ ካልተደረገ የማይዘጋ፣ ነገር ግን አንድም ቀን አሳፍሮን የማያውቅ ዕቃ ነው። እርስዎ ታዲያ ሙቀቱ እንደማያመልጥ ለማረጋገጥ በሩን አሥራ አንድ ጊዜ ከፈቱት። ቆሜ ቆጥሬያለሁ። በአሥራ አንደኛው ቴርሞሜትርዎን ፓዩ ሆድ ውስጥ ሰክተው «ሃምሳ ስምንት! ሁለት ዲግሪ ጎደለ!» ብለው ዕጣ እንደወጣለት ሰው ጮኹ። አባቴ ከኋላዎ ሆነው «ልጄ፣ በሩን ብትዘጋው እኮ ይሞቃል» ቢሉዎት «ምክር አልጠየቅኩም፣ አባት» ብለው መለሱላቸውና «መጠቀም ክልክል ነው» የሚል ቀይ ወረቀት ለጠፉበት። ማጣበቂያው እውነትም ግሩም ነው፤ እስከ ዛሬ አልተላቀቀም።

ሁለተኛ። አዲሱን ማሞቂያ የሚመርጥልን አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ስላቋቋሙልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከአባላቱ አንዷ ሥጋ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም፣ አንዱ ደግሞ የሚኖሩት ከእኛ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀው ነው፤ ይህም ለገለልተኝነት ይረዳል። ኮሚቴው የሚመረጠው ማሞቂያ ውስጡ ከስድሳ ዲግሪ በላይ ሆኖ መስታወቱ ግን ሲነኩት የማይሞቅ፣ በሩ ለሻጭ ቶሎ የሚከፈት ለሙቀት ግን የማይከፈት እንዲሆን ወሰነ። በስድስተኛው ስብሰባ «ማሞቅ» የሚለው ቃል ትርጓሜ እንዲሰጠው ተባለ። ኧረ ተመስገን! እስከዚያው እኛ ያን ብርድ ሁሉ ፓያችንን በሕፃን ብርድ ልብስ ስንጠቀልል፣ የክለባችን ገበሬ ትሬቨር የትራክተሩን ሞተር አስነስቶ በላዩ ሲደረድርልን ከረምን። እንግዶቹ ተጫዋቾች «የዊራቢን ፓይ ናፍጣ ናፍጣ ይላል» ብለው ሲያሾፉብን፣ ትሬቨር «ታዲያ ለዚህ አይደል ከበላችሁት በኋላ መሮጥ የቻላችሁት!» ይላቸው ነበር።

ሦስተኛ። ይኸኛውን ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

ባለፈው ዓመት በሜዳችን ባደረግነው የመጨረሻ ጨዋታ ዕለት፣ ለሙከራ የመጣውን ዘመናዊ ማሞቂያ በገዛ እጅዎ መስኮቴ ላይ አስቀመጡልኝ። ሙቀቱ ከስድሳ ዲግሪ ሲወርድ የሚጮህ ነው። የምንጫወተው ከጎረቤታችን ከኮልቡና ጋር ነበር፤ በሰባት ነጥብ እየመራን ሦስት ደቂቃ ቀርቶናል። እርስዎም ሙቀቱን ለማረጋገጥ በሩን ከፈቱ። ወይ ጉድ! ያ ሣጥን አባቴ የጨዋታውን ማብቂያ ለማብሰር ከሚነኩት ሳይረን ጋር አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስል ጮኸ። ልጆቻችን ጨዋታው አለቀ ብለው ተቃቀፉ፣ አንዱማ ጫማውን ሁሉ አወለቀ። ዳኛው ግን አላስቆመም፤ ኮልቡናዎች ሁለት ጎል አስገቡ፤ በእኛ አገር እግር ኳስ አንዱ ጎል ስድስት ነጥብ ነውና፣ አሥራ ሁለት ነጥብ። ከዚያ እውነተኛው ሳይረን ጮኸና በአምስት ነጥብ ተሸንፈን ገባን።

መሸነፉስ ይሁን፣ ለምደነዋል። እርስዎ ግን በሪፖርትዎ ላይ «የሰዓት ያዥ ስህተት» ብለው ጻፉ። አባቴ ክላረንስ ክራዶክ ያን ሳይረን ሃምሳ አንድ ዓመት ይዘውታል። እናቴን በቀበርንበት ሳምንት እንኳ ቦታቸው ላይ ነበሩ፣ አንዲት ሰከንድ አላዛነፉም። የሊጉ ሰዎች የእርስዎን ሪፖርት አንብበው ሳይረኑ ያለበትን የሰዓት ቤት ቁልፍ ተቀበሏቸው። ዛሬ በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው፣ ልምምድ ባለ ቁጥር መኪናቸውን ይዘው ይመጡና አፍንጫዋን ወደ መንገዱ አዙረው፣ ለሜዳው ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ። ባለፈው ሰሞን «ግሌኒስ፣ ምናልባት እጄ ሳላውቀው ነክቶት ይሆን እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ክቡርነትዎ፣ እርስዎ የማያውቁት ነገር ቢኖር፣ ያን ሰዓት የአባቴ ሁለቱም እጆች ሥራ ላይ ነበሩ፤ እኔ የሰጠኋቸውን ፓይ ይዘዋል። በአንድ እጅ የሚያዝ ፓይ እንዳልሆነ እርስዎም በልተው ያውቁታል። ይህን ነግሬያቸዋለሁ፤ ግን የወረዳው ማኅተም ያለበት ወረቀት ሌላ ይላል፣ እሳቸውም ደግሞ ለማኅተም የሚገዙ የድሮ ሰው ናቸው።

አራተኛውን ቅሬታ ትቼዋለሁ። ስለ ሶፍት ወረቀት ነበር፤ አሁን ሳየው አሳፈረኝ።

አምስተኛ። ኮሚቴው ዓመት ከአንድ ወር ከደከመ በኋላ ያንኑ ጩኸታም ሣጥን «በሁሉም መስፈርት የላቀ» ብሎ እንደመረጠልንና፣ እርስዎም ቅዳሜ ከኮልቡና ጋር በምናደርገው የመክፈቻ ጨዋታ ሪባን ሊቆርጡለት በክብር እንግድነት እንደሚመጡ ሰማን። እልል ብለን እንቀበልዎታለን።

የምጠይቅዎ አንዲት መስመር ብቻ ነው፦ «ያን ቀን የጮኸው ማሞቂያው እንጂ የአቶ ክላረንስ ሳይረን አልነበረም» የምትል፣ ከነማኅተሟ። ኮሚቴ አያስፈልጋትም።

እስከዚያው አንድ ትንሽ ችግር እንዳለ በትሕትና ላሳውቅዎ። በአባቴ ቦታ ሳይረኑን የሚነካ ሰው አጥተናል። ሊጉ ቁልፉን ለትሬቨር ሰጠው፤ ትሬቨር «ጣቴን አሞኛል» አለ። ጸሐፊያችንን ጠየቁ፤ እሷም ጣቷን አሟታል። የኮልቡናው አምበል ብረንት ሁሊሃን ሰው እንዲያውሰን ቢለመን «እኛም ዘንድ ሰው ሁሉ ጣቱን አሞታል። ያን ቀን ሽማግሌው እንዳልሆኑ እኮ እኛም እናውቃለን፤ ማሞቂያው ነው ያበደው!» ብሎ ላከብን። በደንቡ መሠረት ደግሞ ሳይረን ካልጮኸ ጨዋታ አያልቅም። ጨዋታ ካላለቀ በሜዳው ዳር የቆሙ መኪኖች የሚወጡበት በር አይከፈትም። የእርስዎን መኪና በክብር ከፊት፣ ከጎል ምሰሶው አጠገብ እናቆምልዎታለን። ሹራብ ይያዙ። የሚበላ እንደሆነ ሞልቷል፣ ትኩስም ነው።

ለሥልጣንዎ ያለኝ አክብሮት ከስድሳ ዲግሪ ፈጽሞ እንደማይወርድ እያረጋገጥኩ፣ በሩን ግን ደጋግመው እንዳይከፍቱብኝ እየለመንኩ፣

የሁልጊዜ ታዛዥዎ «የሚመለከተው ምግብ አቅራቢ»
ግሌኒስ ክራዶክ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ወር ለመጨረሻው ሙከራ መጥተው ሁለት ፓይ የበሉትን፣ «ማሞቂያ ማለት እንዲህ ነው!» ያሉትንና ስድሳ ሰባት ዲግሪ ብለው የፈረሙበትን ቀን ያስታውሱታል? አዲሱ ሣጥን ያን ቀን ሶኬት ላይ አልተሰካም ነበር። ፓዩ የወጣው ከባንኮኒው ሥር፣ በጠረጴዛ ልብስ ከተሸፈነው ከአሮጌው ነው፣ ከነቀይ ወረቀቱ። ስላላዩት በሩን አልከፈቱትም፤ ስላልከፈቱት ሞቀ። የፈረሙባትን ወረቀት በፍሬም አድርጌ መስኮቴ አጠገብ ሰቅያታለሁ። ከጎኗ አንዲት መስመር የምትበቃበት ቦታ ትቻለሁ።