እጅሽ ያቆመበት ዙር

ዘሃራዬ፣

ከተለያየን ዓመት ከስድስት ወር ሆነ። አላህ ቀብርሽን ያስፋልሽ፣ ኑር ያድርግልሽ። ይህን ወረቀት ከጀመርኩት ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ደብዳቤ ላይ ሰነፍ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ፤ ድሮ ለእናትሽ ስትጽፊ እንኳ ከታች «ሰይድም ሰላም ብሏል» ከማስባል አልፌ አላውቅም። አሁን ግን ያጠፋሁት ነገር አለ። እናትሽ ለአላህ ከስሰውኝ ከምትሰሚ ራሴ ብነግርሽ ይሻላል።

መጀመሪያ የቤቱን ላውራሽ። ካልቨር ሲቲ እዚያው አፓርታማችን ውስጥ ነኝ። አከራዩ ግድግዳውን ነጭ ቀባው፤ ስትጠዪው የኖርሽው ቢጫ ጠፋ። አንቺ እያለሽ አንድ ቀን ይቀባ ብዬ ብወተውተው ኖሮ ምን ነበረበት እያልኩ እቆጫለሁ። ሶፋውን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። አይገባም ትዪኝ ነበር፣ ለካ ይገባል። ምስር ወጥ መሥራት ችያለሁ፤ ልኩን ግን አላውቀውም፣ አንዴ ከሠራሁ ሦስት ቀን እበላዋለሁ። ሥራዬም ያው ነው። ዌስትቼስተር ካለው ፓርኪንግ መንገደኛ ወደ ኤርፖርት የሚያደርሰውን ሻትል ድራይቭ አደርጋለሁ። ጁምዓ ጁምዓ ሽፍት እየቀየርኩ መስጂድ እሄዳለሁ።

ጥፋቴ የጀመረው ባረፍሽ በሦስተኛው ቀን ነው። ወንድምሽ አሕመድ ከደሴ ደወለና እማማ ደማቸው ከፍ ብሏል፣ ዓይናቸውንም ሊታከሙ ቀጠሮ ይዘዋል፣ መርዶው ትንሽ ይቆይ አለኝ። እሺ አልኩት። መርዶ ማቆየት እኛ ጋ ያለ ነው፤ ሰውየው ጠንከር እስኪል፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ ይጠበቃል። ትንሽ ይቆይ ያልነው ግን ወር ሆነ፣ ወሩም ዓመት አለፈው። እማማ በደወሉ ቁጥር አንዴ ሥራ ላይ ናት፣ አንዴ ስልኳ ተበላሽቷል፣ አንዴ ጉሮሮዋን አሟታል ስል አፌ ለመደው። አንድ ቀን በጣም ሲጨነቁብኝ ስልኬ ላይ የቀረውን የድሮ ድምፅሽን፣ «እማ፣ ደህና ነኝ፣ አታስቢ» ያልሽውን ላክሁላቸው። ደስ ብሏቸው መረቁኝ። ወላሂ ያን ቀን እህል በአፌ አልዞረም።

የኮፍያውም ነገር ነበረ። ሆቴሉ ላውንድሪ ውስጥ አብራሽ ትሠራ የነበረችው ሮሳ ያስተማረችሽ የአገሯ የፔሩ ኮፍያ፤ ጆሮ የሚሸፍነው፣ ቀይና ነጭ ክር ባንድ ላይ ተይዞ የሚሠራው። በየዓመቱ የደሴ ብርድ ሳይጠና አንድ ለእማማ በመንገደኛ ትልኪላቸው ነበር፣ እሳቸውም ከሻሻቸው ሥር ያደርጉታል። አምና ጥቅምት ላይ ያለቀ ኮፍያ መሳቢያሽ ውስጥ አገኘሁና ያንን ላክሁ። ታመሽ ቤት ስትውዪ ሁለት ኮፍያ ባንዴ የጀመርሽው ለምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ሁለተኛውን ግን አልጨረስሽውም። ከጆሮው ጀምሮ እስከ ግማሽ ተሠርቶ፣ መርፌው እንደተሰካበት ቅርጫትሽ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ዘንድሮ ጥቅምት ሲመጣ ኮፍያ ካልሄደ እማማ ይጠረጥራሉ ብዬ ልጨርሰው ተነሣሁ። እኔ፣ የሸሚዝ ቁልፍ እንኳ አንቺ የምትተክዪልኝ ሰውዬ።

ሮሳ ጋ ሄድኩ። ኮፍያውን ስታይ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። አሠራሩን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኔ ሃያ ዓመት አጠገብሽ ተቀምጬ አላየሁትም ነበር። ንድፉ ቀይ ሲፈልግ ነጩ ክር ከኋላ ያልፋል፣ ነጭ ሲፈልግ ቀዩ ከኋላ ያልፋል። ከኋላ የሚያልፈውን አትጎትተው፣ ላላ አድርገህ ልቀቀው፣ መንገዱ ሲረዝም መሐል ላይ ጠለፍ አድርገው እያለች እጄን ትመታኝ ነበር። እኔ ደግሞ የኮፍያን ውስጥ ማን ያየዋል ብዬ ናቅኩት፤ አንዴ ጎተትኩት፣ አንዴ ሳልጠልፈው አለፍኩት። ድካሜን ሁሉ ፊቱ ላይ አዋልኩት። እያንዳንዷን ቀይ እየቆጠርኩ፣ ካንቺ ካልተመሳሰለልኝ እየፈታሁ እንደገና ስሠራ ከረምኩ። በእረፍቴ ሻትሉ ውስጥ ሳይቀር ይዤው ስቀመጥ መንገደኞች ፎቶ ያነሡኝ ነበር። አንዷ ሴትዮ ለሚስትህ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሚስቴ የጀመረችው ነው አልኳት።

ሲያልቅ ሮሳ ከውጭ አገላብጣ አየችውና የቱ የማን እንደሆነ አይለይም አለችኝ። ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ሚራክል ማይል ሰፈር የሚሠራ አንድ የደሴ ልጅ አገር ቤት እንደሚሄድ ሰምቼ ነበርና ፌርፋክስ ተቀጣጥረን ሰጠሁት። ለሌላ አንድ ዓመት ተገላገልኩ ብዬ አሰብኩ።

ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ለሥራ ስዘጋጅ እማማ ደወሉ። ዓይናቸው ከታከመም በኋላ ብዙም አያዩም፤ ነገሩን ሁሉ በእጃቸው ነው የሚያውቁት። ሰላምታ እንኳ አላበዙም።

«ሰይድ፣ ኮፍያውን ገልብጬ ዳሰስኩት። እስከ ግማሹ የልጄ እጅ ነው። ከዚያ በላይ ክሩ ጣቴን ያዘኝ። ልጄ ምን ሆና ነው ያልጨረሰችው?»

ይህን ሁሉ ጊዜ ውሸት ቸግሮት የማያውቅ አፌ ያን ጠዋት አልዋሸም። እያለቀስኩ ነገርኳቸው። መርዶ እንዲህ አይነገርም ነበር፤ በስልክ፣ አጠገባቸው ሰው በሌለበት፣ አማች እያለቀሰ። እማማ ግን ያኔ አላለቀሱም። ቀኑን ጠየቁኝ፤ ማን እንዳጠበሽ፣ የት እንዳረፍሽ ጠየቁኝ። ከዚያ ተቆጡ። ለሞተች ልጄ ዱዓ ማድረግ ሲገባኝ ጤና ስጣት፣ ሲሳይዋን አስፋላት እያልኩ አላህን ስለምን ከረምኩ፤ የእናቷን ዱዓ ከልጄ ላይ ወሰድክባት አሉኝ። ስልኩን ዘጉት።

ዘሃራዬ፣ እኔ የፈራሁት ደማቸውን ብቻ ነበር። ይሄ አንድም ቀን በሐሳቤ አልመጣም። አፈር ውስጥ ሆነሽ የእናትሽ ዱዓ ሳይደርስሽ ቆየሽ፣ ያስቀረሁብሽም እኔ ነኝ። አሕመድ ነው እንዳልል ስልኩን የማነሣው እኔ ነበርኩ፣ ድምፅሽንም የላክሁት እኔው ነኝ። አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ጁምዓ ደወልኩ፣ አላነሡልኝም። አሕመድ አብሽር ይለኛል፤ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ዱዓ ተደርጎልሻል፣ በስምሽም ሰደቃ ወጥቷል። ይሞታሉ ብለን የፈራንላቸው እናትሽ ከሁላችንም ጠንክረው ለቀስተኛውን ሲያጽናኑ ሰነበቱ። በአራተኛው ጁምዓ አነሡት። የቀራቸውን ቁጣ ጨረሱብኝና አፉ ብዬሃለሁ አሉኝ። ኮፍያው ከላይ በኩል ጭንቅላታቸውን እንደሚጨምቃቸው ነገሩኝ፤ እኔ የጎተትኩት ክር ነዋ። መልሰው ይላኩልኝ፣ የእኔን ፈትቼ እንደገና ልሥራው አልኳቸው። አይነካም አሉ።

«ለከርሞ ሌላ ሥራልኝ፣ ክሩንም አላላው። የልጄ ነው ብለህ ግን እንዳትልክልኝ» አሉኝ።

ክሩን ሮሳ ገዝታልኛለች፣ ትናንት ጀመርኩት። ጆሮው ትንሽ ጠመም ብሏል፣ አንቺ ብታዪው ትስቂብኝ ነበር። እማማ በሕይወት እስካሉ በየዓመቱ አንድ ኮፍያ ይሄዳል፤ ከጆሮው እስከ ጫፉ የእኔ እጅ ነው፣ እሳቸውም ይህንን እያወቁ ያደርጉታል። ጁምዓ በመጣ ቁጥር እደውልላቸዋለሁ። መሞትሽን ሁለታችንም እያወቅን ስለ አንቺ እናወራለን፣ ዱዓም እናደርግልሻለን። አልረሳሽም።

ባለቤትሽ ሰይድ