አንገረብን ስንሻገር ምጥ የያዛት ተሳፋሪ

ምስጢርዬ፣

ዛሬ ጎንደር ውስጥ ታክሲ ተሳፍሬ ወደ ፒያሳ ስሄድ፣ የአንገረብን ወንዝ እንደተሻገርን አንዲት ተሳፋሪ ምጥ ያዛት። ሾፌሯ የትነበርሽ "ወገኖቼ፣ መጀመሪያ እሷን ሆስፒታል ላድርሳት?" አለች።

"ምነው፣ ይኼስ ይጠየቃል? ንጂው!" አሏት ከጎኔ የተቀመጡት አያ ማሩ። ድሮ ባለጋሪ ነበሩ። ወንዙ ሞልቶ መሻገር ቢያቅታቸው ሚስታቸው ጋሪው ላይ ወልዳ፣ ሕፃኑ እንዳልተረፈ ነገሩኝ።

ሆስፒታል ስንደርስ አንድም ሰው ጥሎ አልሄደም። እኛ ባሕር ዳር ታክሲ ትንሽ ሲዘገይ እንዴት እንደምንነጫነጭ ታውቂያለሽ! ነርሷ ወጥታ "በሰላም ተገላገለች፤ ወንድ ነው" ስትል አያ ማሩ ከሴቶቹ ቀድመው እልል አሉ። የትነበርሽም ዕንባዋን ጠርጋ "በሉ ግቡ፣ ፒያሳ!" አለች።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ እማማን ሳሚልኝ። ናፍቀሽኛል።

ዓይናዲስ