የለመንነው አስፋልት

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ በዛብህ፤

አባባ፣ ከመስቀል ወዲህ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎ? እንደ ልማድዎ «ደህና ነኝ» ብለው እንዳያልፉኝ። እህትዎ እትዬ ጥሩብርሃንስ ከአልጋ ተነሥተው ደጅ መውጣት ጀመሩ? የእምድብር ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኛ በአካል ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ልቤ ግን ከማክሰኞ ጀምሮ አልተመለሰልኝም። በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ እንሰቱ ጠይቄዎ ዘጋሁ።

ካቻምና ክረምት ጎረቤታችን ሚስኪ ምጥ ይዟት፣ አምቡላንሱ ጭቃውን ፈርቶ 18 ማዞሪያ ቆሞ፣ በቃሬዛ ተሸክመናት የሮጥነውን ያስታውሳሉ። ከዚያ በኋላ ወረዳው «ግማሹን እናንተ አዋጡ፣ ግማሹን መንግሥት ይሸፍንና ኮብልስቶን ይነጠፍ» ሲለን፣ ተናድጄ ብዕር ያነሣሁት እኔ ነኝ። «ግብር የምንከፍል ሰዎች ነን፤ ድንጋይ አንፈልግም፤ አውቶቡስ የሚያስገባ አስፋልት ይሠራልን» ብዬ ጻፍኩ። አውቶቡስ ያልኩት ማመልከቻውን ለማሳመር ነው እንጂ አውቶቡስ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የዕድሩ ሰው ፈረመና አስገባነው።

ማክሰኞ መሐንዲሶች መጡ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ዳቦ ቆርሼ፣ ሻይ አፍልቼ አስተናገድኳቸው፤ የሜትሩንም ጫፍ እኔው ያዝኩላቸው። ከዚያ አንደኛው ቀይ ቀለም አንሥቶ በራችን ላይ የኤክስ ምልክት አደረገበት። ክው አልኩ አባባ። የሚስኪ በር፣ የጋሽ ጉልላት በር፣ በጠቅላላው ዘጠኝ ቤት ተቀባ።

ምን አጠፋን ብዬ ብጠይቀው ልጁ በትሕትና አስረዳኝ። በነዋሪው መዋጮ የሚነጠፈው ድንጋይ መንገዱ አሁን ባለው ስፋት ይሠራል፤ ቤት አይነካም። አስፋልት ግን የሚሠራው በከተማው በጀት ነው፤ በጀት የሚያዘውም ፕላን ውስጥ ለገባ መንገድ ነው። አውቶቡስ ያልፍበታል ተብሎ ፕላን ውስጥ የገባው መንገዳችን ስፋቱ ሃያ ሜትር ሆኗል። ማመልከቻውን አውጥቶ «እናንተው ናችሁ እኮ የጠየቃችሁት» አለኝ። የገዛ እጄ ጽሑፍ ነው። ሃያ ሜትሩ የሚያልፈው እርስዎ ጭቃ ረግጠው በሠሩት ሳሎን መሐል ነው። እስካሁን ማመን አቅቶኛል። ምትክ ቦታና ካሳ አለ፣ ባለቤቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቅረብ ብለዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

የባሰው ትናንት መጣ። በዕድሩ አስቸኳይ ስብሰባ ላይ ጋሽ ጉልላት ተነሥተው፣ «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ በዛብህ ከፈረመ ብዬ ነው የፈረምኩት» አሉ። ሌሎችም «እኛም እንደዚያው» አሉ። አባባ፣ ከሁሉ በላይ የተቀመጠው ፊርማ የእርስዎ ነው። ማመልከቻውን ባስገባንበት ሰሞን እርስዎ ለመስቀል አገር ቤት ወርደው ነበር። ቤቱ በስምዎ ስለሆነ፣ ሰውም ስለሚያከብርዎ፣ አባቴ አይቃወምም ብዬ እኔ ፈረምኩልዎ። ትናንት ይህን መናገር አቅቶኝ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ስምንት ቤተሰብ የእርስዎን ስም እያነሣ ያለቅሳል።

ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት ይምጡልኝ። ዕድሩ ፊት ቆመው «ፊርማው የእኔ አይደለም» ይበሉ። እኔን ለማዳን ብለው «የእኔ ነው» እንዳይሉ አደራ፤ አውቅዎታለሁ።

እትዬ ጥሩብርሃንን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ። ለሸዋገነት ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ስላስታመመቻቸው እግዜር ይስጣት። ልጇን ትንሹን ኤልናታንን ግንባሩን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ ራኬብ በዛብህ
ኮልፌ ቀራኒዮ፣ 18 ማዞሪያ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.