ስለ ተሬፋ፣ በተሬፋ እጅ

ጉደር፣ ሰኔ 4 ቀን 1982 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣

ይህን የሚጽፈው ወንድምሽ ተሬፋ ነው። አፉ የእኔ፣ እጁ የእሱ። የምናገረው ስለ እሱ ነው፤ እሱም ይጽፋል። ጉዳችንን ለቀበሌው ጸሐፊ ከምዘረግፍ ይሄ ይሻላል። በቤታችን ከእሱ ሌላ ፊደል የሚያውቅ እንደሌለ ታውቂያለሽ።

አካም ጅርታ፣ ልጄ? ባልሽ፣ ልጆችሽ ነጋ፣ ሰላም ናቸው? እዚህ ዝናቡ ገብቷል። ቦራዋ ላም ወልዳለች። ከዚህ አልፌ ደህና ነን ብል ውሸት ነው፤ ለውሸት ደግሞ ወረቀት አላባክንም።

ወንድምሽ ከሰሜን ጦር ሜዳ ከተመለሰ ዓመት ሆነው። አረቄውን የጀመረው እንቅልፍ እንዲወስደኝ ብሎ ነበር፤ አሁን ያለ እሱ ከመደቡ አይነሳም። ጻፍ እንጂ፣ ምን ታየኛለህ? ሰካራም ብለህ ጻፍ። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ይቆምና፣ እጃጂ ትምህርት ቤት ሲያስተምር ተማሪ ይጠራ እንደነበረው፣ የሞቱ ጓዶቹን ስም በተራ ይጠራል። መልስ ሲያጣ ይጮሃል፣ ደረቱን ይደልቃል። እናትሽ ዘዴ አገኘች፤ ከማድቤት ሆና በየስሙ «አለሁ» ትልለታለች። አሥራ አንድ ናቸው። አሥራ አንዱንም ስትጨርስለት ጸጥ ብሎ ይገባል። ተይ፣ አንቺም ታብጃለሽ አልኳት። «የተሻለ ካለህ አምጣ!» አለችኝ።

የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች መጥተው ጸለዩለት። እኔ መከርኩት፣ ረገምኩት፣ መልሼ መረቅኩት።

ባለፈው ወር የጤና ረዳቱ ወደ አዲስ አበባ የአእምሮ ሐኪም ቤት ወረቀት ጻፈለት። ጎረቤቶቻችንን ዳዲንና ቀንዓን ይዤ፣ በገመድ አስሬ አውቶቡስ ላይ ጫንኩት። አምቦ ላይ ገመዱን በጥሶ ወረደ፤ እኔ እዚያው ስፈልገው፣ በእግሩ ተመልሶ ቤት ቀድሞኝ ጠበቀኝ። ገመዱ የላጠው እጁ ይሄው ፊቴ ነው፣ ይጽፋል። ከእንግዲህ ልጄን እንደ ጥጃ አላስርም። በፈቃዱ ካልሄደ አይሄድም።

ዛሬ ጠዋት ጻፍልኝ ስለው እጁ እየተንቀጠቀጠ ሁለት ወረቀት አበላሸ። ስለዚህ ይሄንንም ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔው ስሚ። አርባ ዓመት በጌታ ቤት ኖሬ የአረቄ ቤት ደጃፍ ረግጬ የማላውቀው ሰውዬ፣ ጋቢዬን ለብሼ አረቄ ሻጯ ቦጋለች ቤት ሄድኩ። «ኦቦ ባይሳ፣ እርስዎም መጡ? የጸሎት ቤቱ ወንበር ቆረቆረዎት እንዴ?» አለች፤ ጠጪው ሁሉ ሳቀብኝ። አንድ መለኪያ በጠርሙስ ይዤ ተመለስኩ። እኔው ቀዳሁለት። እጁ ጸና። አድኑልኝ ብዬ የምለምንበት ደብዳቤ የሚጻፈው በዚያች መለኪያ ነው።

በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ይኸው ልጅ «አባባ፣ ይማሩ፤ አንድ ቀን ይቸግርዎታል» ቢለኝ፣ በወለድኩት ፊት ሀ ሁ አልልም ብዬ አባረርኩት። ዛሬ የምለውን ይጻፍ ሌላ ይጻፍ አላውቅም። ብዕሩ ሲጭር እሰማለሁ፣ ይሄው ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ባልሽ እዚያው ሐኪም ቤት ካርድ ክፍል ነውና አልጋ ያስይዝልን። የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ በጠዋቱ አውቶቡስ እንመጣለን። ወንድምሽ ያለ ገመድ፣ በገዛ ፈቃዱ እመጣለሁ ብሏል።

እንዲህ ብለህ ጻፍ፣ ተሬፋ። አዎ፣ አልጠየቅኩህም። ፊት ለፊት ልጠይቅህ ስል አፌ አልታዘዘኝም፤ እምቢ ብትለኝ ከዚያ ወዲያ የምለው የለኝም። ቀና አትበል፣ ጻፍ።

«እመጣለሁ ብሏል ብለህ ጻፍ» ሦስት ጊዜ አልኩት፣ ልጄ። ብዕሩ ሲጭር የሰማሁት ግን አንዴ ነው። ምን እንደጻፈ እንጃ። አንቺ ታነቢዋለሽ፤ ከእኔ በፊት አንቺ ታውቂዋለሽ። እመጣለሁ ብሏል የሚል ካገኘሽ ሐሙስ መናኸሪያ ጠብቂን። ካላገኘሽ አትድከሚ፤ እናትሽም እንዳትሰማ ምንም አትላኪ።

ጌታ ዘርሽን ያብዛው። ደጅሽን የሚያንኳኳ ሁሉ መልካም ይዞ ይምጣ። እናትሽ ጉንጭሽን ስማለች።

አባትሽ፤ ጣቴን አትሜበታለሁ።

በል ተሬፋ፣ አሁን አንብብልኝ። እኔ ያልኩትን አይደለም፤ አንተ የጻፍከውን።