ስለ ወንድሜ የነሐስ ጉንጭ

ለተከበሩ የከተማ ውበትና ሐውልቶች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና የሚቀመጡበት ወንበር እንደምን ሰንብታችኋል? ጤንነትዎ ከልብ ያሳስበኛል። እርስዎ ታመው ቢተኙ እንኳ የፈረሙት ትእዛዝ ሥራውን አያቋርጥምና፣ ትእዛዙን ለማስቆም የሚያበቃ ጉልበት እንዲኖርዎት እመኛለሁ።

ድልድዩ ተደርምሶባቸው ለሞቱት ሠራተኞች በወንዙ ዳር የቆመውን፣ ይቅርታ፣ የተቀመጠውን የነሐስ ሐውልት የሠራሁት እኔ ነኝ። የሥራ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የምሳ ዕቃውን አጠገቡ አስቀምጦ የሚያርፈው ወጣት ታናሽ ወንድሜ ነው። አስከሬኑን ወንዙ ስለወሰደው ሌላ መቃብር የለውም። አሁን ሐውልቱ ተነሥቶ እንዲቀልጥ፣ ነሐሱም አዲሱን ድልድይ መርቀው ለከፈቱት ለእርስዎ ሐውልት እንዲውል ተወስኗል። ማቅለጡን ለማንም ሳይሆን ለእኔ ስለሰጡኝ፣ ባለሙያ አክባሪነትዎን አደንቃለሁ።

ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር ስለሚወድ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. የሐውልቱ ቀኝ ጉንጭ ከሌላው ገላው ተለይቶ ስለሚያብለጨልጭ «ተበላሽቷል» ተብሏል። ያብለጨለጨው እናቴ ስለምትዳብሰው ነው። እናቴ ዓይነ ስውር ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ክንዴን ይዛ መጥታ ከጎኑ ትቀመጣለች፣ ጉንጩን ትዳብሳለች፣ ምሳ በልቶ እንደሆነ ትጠይቀዋለች። የጥገና ባለሙያዎችዎን ስለ ንቁ ዓይናቸው አመሰግናለሁ፤ እኔ ሳየው ኖሬ ጉድለት አልመሰለኝም ነበር።

2. መቀመጡ «ድካምን ያንጸባርቃል፣ ለሥራ አያነሣሣም» ተብሏል። ስለ ወንድሜ ስንፍና በቤተሰባችን ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ድልድዩ የተደረመሰ ዕለት ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ ይሠራ እንደነበር ጓደኞቹ ነግረውኛል።

3. «ቢያስፈልግ ሌላ ተመሳሳይ መሥራት ይቻላል» ብለዋል። አይቻልም፣ ጌታዬ። በእኛ ሥራ መጀመሪያ የተሠራው ጭቃ ይፈርሳል፣ ከጭቃው የተቀዳው የሰም ቅርጽ ቀልጦ ይፈስሳል፣ በሰሙ ቦታ ነሐሱ የሚፈስበት የሸክላ ልባስም ተሰብሮ ይጣላል፤ የሚተርፈው ነሐሱ ብቻ ነው። ፊቱንም ቢሆን የሠራሁት እኔ አይደለሁም። እናቴ ልጇን በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ የምታውቀው በጣቷ ነው። ከፎቶግራፍ አይቼ የሠራሁትን ጭቃ ዳብሳ፣ «ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው? የኔ ልጅ ጉንጩ ይሄን ያህል አይሞላም» አለችና እጅጌዋን ሰብስባ ገባችበት። ጉንጩን ቀነሰች፣ አፍንጫውን አቀናች፣ ቅንድቡን በአውራ ጣቷ አበጀች፤ ሲበቃት «መጣህ?» አለችው። ዛሬ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ብርጭቆ እንኳ የምይዝላት እኔ ነኝ። ልጇን ዳግመኛ ልትሠራው አትችልም።

4. ይህ ቅሬታ አይደለም፣ ልመና ነው። ጨዋነቴ እዚህ ላይ አለቀ። እባክዎን ይተዉልን። የእርስዎን ሐውልት እሠራለሁ፤ እንደ ፍላጎትዎ ቆመውም፣ ፈረስ ላይ ወጥተውም እሠራዎታለሁ፤ የቤቴን የበር እጀታ ሁሉ ነቅዬ ነሐስ እሰበስብልዎታለሁ። ብቻ እሱን አይንኩብን። ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም። ምን ልበላት? ልጅሽ ሁለተኛ ሞተ ልበላት? ያውም በእኔ እጅ?

ይህን ሁሉ ለማንበብ ከውድ ጊዜዎ ስለሠዉልኝ፣ ካነበቡት ማለቴ ነው፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

እሳቱን ላለማቀጣጠል ሰበብ እየፈለግሁ፣ ከምድጃው አጠገብ፣ በታላቅ አክብሮት፤
የሐውልቱ ቀራጺ፣ የሟቹም እህት

ማሳሰቢያ፦ ልመናዬ ተቀባይነት ካጣ፣ እናቴ ቅዳሜ መጥታ ባዶ ድንጋይ እንዳትዳብስ፣ እርስዎ ራስዎ በቦታው ቢቀመጡላት ትልቅ ውለታ ነው። ምንም መናገር አይጠበቅብዎትም። ሆኖም በፎቶግራፍ እንዳየሁት ጉንጭዎ ሙሉ ነውና አትሳሳትም፤ የማን ልጅ እንደሆኑ መጠየቋ አይቀርም። መልሱን ከአሁኑ ያስቡበት።