ያነበበች ቀን

ማክሰኞ፣ ጥር ፲፬

ይድረስ ለልጄ፣ ለሆዴ፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደኅና ነን። ጉልበቴ እንደ አመሏ ደረጃ ላይ ትነጫነጫለች እንጂ አልጋ ላይ አልጣለችኝም። የልጅሽ የሚጡ የፊት ጥርስ መነቃነቅ ጀምሯል፤ ለሰው ሁሉ አፏን እየከፈተች ታሳያለች። ይህን ሁሉ የምለፈልፈው ዋናውን ነገር የምጽፍበት ፊት አጥቼ ነው።

ትምህርት ቤታችን አዲስ የንባብ ፕሮግራም መጥቷል ብዬሽ ነበር። ሕፃናቱን አንድ በአንድ አስቀምጦ፣ ቃሉን በጣታቸው እያስነኩ፣ ቀስ ብሎ ማስነበብ ነው። እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ። «ክፍሉን ሙሉ ከኋላዬ ሳስጮህ ነው ያረጀሁት፤ እንዲህ ልጅ እያባበልን መቼ ልንጨርስ ነው?» ብዬ መምህራኑን አስቄአለሁ። ፕሮግራሙን ለያዘችው ወጣት መምህርትም «ጣት ቆጣሪዋ» የሚል ስም አወጣሁላት።

ሚጡ የላክሽላትን መጽሐፍ በስልክ ስታነብልሽ አንቺ አለቀስሽ፣ እኔ ደረቴን ነፋሁ። ያን መጽሐፍ ማታ ማታ ከኋላዬ ሳስደግማት ከርሜ ነበር። ባለፈው ዓርብ ስብሰባ ላይ ታዲያ ማስረጃዬ ብዬ እሷን ይዤ ሄድኩ።

የመጀመሪያውን ገጽ እንደ ውኃ ጠጣችው። ጣት ቆጣሪዋ ጎንበስ ብላ መሐል ገለጠችና ሥዕሉን በመዳፏ ሸፈነች።

«እስቲ ይቺን ቃል ብቻ፣ የኔ ቆንጆ።»

ሚጡ ሥዕሉን ፍለጋ በመምህርቷ ጣቶች መሐል አጮለቀች። እኔ ከኋላ ትከሻዋን ገፋ አደረግኳት።

«አንብቢ እንጂ! ለእናትሽ አንብበሽላት የለ?»

«አንብቤላታለሁ» አለች፤ «አልመጣችም።»

ልጄ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዓመቱ ሲጀመር አልደግምም ብላ ስታስቸግረኝ «ማንበብ የቻልሽ ቀን እናትሽ ትመጣለች» ብያት ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እኔ ረሳሁት፣ እሷ ያዘችው። ላንቺ ባነበበች ማግስት ጥሩ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ተቀምጣ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ለመቅረት ያመጣችው ዘዴ መስሎኝ ተቆጣኋት።

የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል። እኔን ያቃጠለኝ ግን የመምህራኑ ፊት አልነበረም። ጣት ቆጣሪዋ ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ሚጡን አቅፋ፣ «እትዬ፣ ሰኞ ከእኛ ጋር ይቀመጡ» ብቻ አለችኝ።

ትናንት ሄጄ በዚያች ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሚጡ ብዙ ከተለመነች በኋላ ቃሉን በጣቷ ነክታ «በግ» የሚለውን ብቻዋን አነበበች። ማንም አላስጮኻትም። ስንት ልጅ እንዲህ ሳላየው ከእጄ አልፎ ይሆን?

እሑድ ስትደውዪ አደራሽን፣ «አንብቢልኝ» አትበያት። የምትመጪበትን ቀን ገና እንደማታውቂው ነግረሽኛል፤ ለእሷም እውነቱን ንገሪያት። መምጣትሽ ከማንበቧ ጋር እንደማይገናኝ ካንቺ አፍ ትስማ፤ የእኔን አፍ ከእንግዲህ አታምነውም። ትናንት ወደ ቤት ስንመለስ እጄን ይዛ፣ «እማማ፣ ቀስ ብዬ ባነብ፣ ቀስ ብላም ቢሆን ትመጣለች?» አለችኝ።

አንቺ መልሺላት።

የእግርሽን መንገድ ያቅናልሽ፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ።

ያፈረችው እናትሽ